አርባ ጠርሙስ የጥድ ቢራ

ሰኞ 3

ይሄ ደብተር የጥርስ ትእዛዝ መመዝገቢያ ነበር። በየገጹ አናት ላይ "የላይኛው መንጋጋ፣ የታችኛው መንጋጋ፣ የድድ ቀለም" የሚል ታትሞበታል። የምሠራለት የጥርስ ሐኪም አዲስ ስላሳተመ ይሄኛው ሊጣል ሲል ይዤው መጣሁ። ጥርስ ስሠራ ቀኑን ሙሉ አፌን ዘግቼ ነው የምውለው፤ ለአንድ ሰው መተንፈስ አለብኝ፤ ደብተርም ቢሆን።

ዛሬ ወንድም ጋሼ ደወለ። ሰላምታውን ሳይጨርስ "አባባን ልወስደው ነው" አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ድስት ተጥዶ ተረስቶ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነበር። ሲስተር ናቸው ደርሰው ያጠፉት። ሲስተር ከታች ያሉት ጎረቤታችን ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ነርስ። ጡረታ የወጣው እጃቸው ነው እንጂ ዓይናቸውስ አሁንም ተረኛ ነው። ድስቱን ማን ጣደው ሲባል አባባ "እኔ ነኝ፣ ረስቼው ወጣሁ" አለ። እሳቸውም ውለው ሳያድሩ ለወንድም ጋሼ ደወሉለት።

ወንድም ጋሼ የአሳንሰር ተቆጣጣሪ ነው፤ ሰባት ሰዓት በአውቶቡስ የሚያስኬድ ከተማ ነው የሚኖረው። ሰውም ለሱ አሳንሰር ነው። ድምፅ ካሰማ ይቆማል፣ ይፈተሻል፣ ይመዘገባል። "ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። አንቺ ሥራ ትውያለሽ። እኔ ጋ ክፍል አለ፣ ሰው አለ" አለኝ። ክፋት የለውም፤ የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄው ነው። ክፉ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

እና አፌ ቀደመኝ። "አባባ ምንም አልሆነም! ከፈለግህ ያንን አረንጓዴ ቢራ ይጠምቅልሃል!"

ልጆች ሆነን አባባ ከቢራ ፋብሪካው ሲመጣ የሚያወራልን ቢራ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥድ አዲስ ቀንበጥ ሲያወጣ፣ ለሠራተኛው ብቻ የሚጠመቅ። ጠማቂው ደግሞ አባባ። ሠላሳ አንድ ዓመት!

"እሱን ካስታወሰ ምንም አልሆነም ማለት ነው" አለ ወንድም ጋሼ ቀስ ብሎ። "ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራውን ከረሳ ግን፣ ሚጣ፣ ሌላ ወሬ የለም። በሚቀጥለው ወር 20፣ ቅዳሜ ቀን እመጣለሁ። ቢራ ከሆነ ይቀራል። ካልሆነ ልብሱን አዘጋጂ።"

ለአባባ ስነግረው አፉ ተከፍቶ ቀረ፤ ደስታ ይሁን ድንጋጤ እንጃ። ከዚያ "ጥሩ ነው፣ እንጠምቃለና" አለ። መስኮቱ ጋ ሄዶም ባዶ ብርጭቆ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ እያዞረ አየው። ሲጨንቀው እንዲህ ያደርጋል። ግን ምን ያስጨንቀዋል? የገዛ ሙያው!

ረቡዕ 5

ቸኩያለሁ። ብቅል ተገኘ። ክዳን ያለው ባለ ሃያ ሊትር ባልዲ ተገኘ። እርሾ ተገኘ። አባባን "ብቅሉ ምን ያህል ነው?" ስለው "እንደ ውሃው።" "ውሃውስ?" ስለው "እንደ ብቅሉ።" ባለሙያ እኮ እንዲህ ነው፣ መለኪያ አይወድም።

ስለ እንቁላል ማሰብ የለብኝም።

ቅዳሜ 8

ኧረ እንዴት ያለ ቀን ነው! እግሬ አልቋል፣ ጣቶቼ በሙጫ ተጣብቀዋል፣ እስክሪብቶው ከእጄ አልላቀቅ ብሏል፤ ግን ልጽፍ ነው።

ጠዋት ከድሮው የድንጋይ ካባ ጀርባ ወዳለው ጫካ ወጣን። ጥዱ ሁሉ ጫፍ ጫፉ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀንበጥ አውጥቷል፤ ለስላሳ ነው፣ እንደ አዲስ የጥርስ ብሩሽ። አንዱን ቀጥፌ ቀመስኩት። መጀመሪያ ሎሚ ነው፣ ከዚያ ሣር፣ መጨረሻ ላይ ጉሮሮ የሚይዝ ሙጫ። አባባም ቀመሰና ዓይኑን ጨፍኖ "እሱ ነው! እሱ ራሱ!" አለ። ደስ ሲለው! ሃያ ዓመት የቀነሰ መሰለኝ።

ጫካ ጠባቂው መጥቶ ምን እንደምናደርግ ጠየቀን። ነገርነው። ከአንድ ቅርንጫፍ አንድ ብቻ ቅጠፉ፣ ዛፉም ይኑርበት አለን። ደግሞም "አባባ፣ ከዚያኛው እንዳይነኩ። ጥድ ይመስላል እንጂ መርዝ ነው" አለ። አባባ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" አለና እጁን ከዚያው ዛፍ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ።

አንድ ሙሉ ከረጢት ለቀምን። ቁልቁለቱ ላይ አንሸራቶኝ በቂጤ እስከ ታች ድረስ ሄድኩ፤ ከረጢቱን ግን አልለቀቅኩም። አባባ ሊያነሳኝ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና ሁለታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። "እናትሽ ብታየን ኖሮ" አለ፣ "'ከሁለታችሁ ትልቁ ማነው?' ትል ነበር።" ቀሚሴ ላይ ያለው ሙጫ መቼም አይለቅም። አይልቀቅ።

እሑድ 9

ጠመቅን! ብቅሉን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈን፣ አጥልለን፣ ጭማቂውን በትልቁ ድስት ጣድነው። "ቀንበጡን ስንት ሰዓት ነበር የምትቀቅሉት፣ አባባ? ሦስት ሰዓት?" አልኩት፣ እንዲያው አፌ ላይ የመጣልኝን። "ሦስት ሰዓት" አለ፤ "በትክክል ሦስት ሰዓት።" የት የት ያለውን ያስታውሳል! ወንድም ጋሼ እዚህ ሆኖ ቢሰማ ምን ነበረበት።

ሲስተር ሽታው ጎትቷቸው ወጡ። "የሆስፒታል ኮሪደር ሸተተኝ፣ ናፈቀኝም" ብለው ተቀመጡ። ድስቱን አዩ፣ አባባን አዩ፣ እኔን አዩ። ዛሬ ማታ ስልካቸው እንደማይተኛ አውቃለሁ።

ማክሰኞ 18

ከባልዲው ቀድተን ቀመስን።

የወለል ማጽጃ ነው። አላጋንንም፤ የመሥሪያ ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ የምታፈሰው እሱው ነው። አባባ ትንሽ አፉ ውስጥ አቆየው፣ እንደምንም ዋጠው። "ድሮ እንዲህ አልነበረም" አለ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ "ምናልባት... ረስቼው ይሆናል፣ ሚጣ።"

ቶሎ ብዬ ጥፋቱ የውሃው ነው፣ የባልዲው ነው፣ የጨረቃዋ ነው አልኩ። ሁሉንም ማጠቢያው ውስጥ ደፋነው። ከሁለት ወር በፊት የተደፈነው ማጠቢያ ወዲያው ተከፈተ። አንዳንዱ ነገር ለሌላ ጥቅም ነው የሚፈጠረው።

ግን "ረስቼው ይሆናል" ሲል ዓይኑን ከኔ አሸሸ። እውነት ጀምሮት ይሆን? ለወንድም ጋሼ አልነግርም። ሞቼ ልገኝ።

ሐሙስ 20

ሥራ ቦታ። ሰሙ እስኪቀልጥ። ከስልኬ አነበብኩ፦ ቀንበጡ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ አሥር ደቂቃ ብቻ! ሦስት ሰዓት ከቀቀሉት ሙጫው ሁሉ ይወጣል። እንግዲያው አባባ ተሳስቷል። ወይስ የነሱ ፋብሪካ ሌላ ነበር?

አሁን የማደርገውን አውቄዋለሁ። እኔ አንብቤ ለሱ በጥያቄ አስታውሰዋለሁ። ክብሩም አይነካ፣ ቢራውም ይዳን።

በኋላ፦ ጉድ ፈላ። ስልክ ሳነብ ለጡረተኛው ዳኛ ሁለት የላይኛ መንጋጋ ሠርቻለሁ። ታችኛው የለም። ሐኪሙ ሁለቱንም መዳፉ ላይ አስቀምጦ "ሰውየው በሁለት ጣሪያ ምን ያደርጋል?" አለኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሳቅ አመለጠኝ። እሱም ሊቆጣ ፈልጎ አልቻለም። ሰሞኑን ምን ነክቶኛል? የረሳሁትን ነገር ብቆጥር... አልቆጥርም።

ቅዳሜ 22

የመጨረሻው ዕድላችን ነበር። ታች ያለው ቀንበጥ ሁሉ ጠንክሯል፤ እንደ መርፌ ይወጋል። አባባ "ጥላ ያለበት ጎን ዘግይቶ ነው የሚያወጣው" አለና ወደ ላይ፣ ፀሐይ ወደማይደርስበት ይዞኝ ወጣ። እውነትም እዚያ ለስላሳ ነበር! ከየት አወቀ? ከትዝታው ነዋ!

ከሰዓት ጠመቅን። እንዲህ ነበር የሆነው፣ ቃል በቃል፦

"አባባ፣ ቀንበጡ መጨረሻ ላይ ነበር አይደል የሚገባው?"

"እንዴታ! መጨረሻ ላይ!"

"አሥር ደቂቃ ያህል?"

"አሥር። ቢበዛ አሥራ ሁለት።"

"እርሾው ደግሞ ሲቀዘቅዝ?"

"ትኩስ ላይ እርሾ የሚጨምር የት አገር አለ? ትገድዪዋለሽ!"

ይሄን የመጨረሻውን እኔ ሳልነግረው ነው ያለው! ራሱ! ማንኪያ ይዤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ጨፈርኩ። አባባም ማጥለያውን ራሱ ላይ ደፍቶ ጨፈረ። ሲስተር ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት መቱት። እኛም ወለሉን በእግራችን መለስንላቸው። አስታወሰ፣ አስታወሰ፣ አስታወሰ!

ማክሰኞ 25

ባልዲው ሕይወት ዘርቷል። ከክዳኑ የወጣው ቱቦ ጫፉ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ነው፤ በየአራት ሰከንዱ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይላል። አባባ ወንበር አስጠግቶ እንደ ሬዲዮ ያዳምጠዋል።

ጠዋት አንሶላውን ስቀይር ትራሱ ሥር መጽሐፍ አገኘሁ። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው ነው፤ ቢራ በቤት ስለመጥመቅ፣ ለጀማሪ የተጻፈ። የተዋሰበት ቀን 19 ነው፤ የወለል ማጽጃችን በነጋታው። በእርሳስ አስምሮበታል። "እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው" ከሚለው ጎን "ለካ!" ብሎ ጽፏል።

አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠመቀ ሰው፣ የጠፋበትን ትዝታ ለመመለስ ተደብቆ ከፊደል ሲጀምር! መጽሐፉን እንደነበረ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ አድርጌ መለስኩት። እንዳወቅሁ ማወቅ የለበትም።

ሐሙስ 27

ደረጃው ላይ የፋብሪካው የድሮ ሹፌር፣ ቢራ ያከፋፍል የነበረው ሰውዬ፣ ሊጠይቀን ሲመጣ አገኘሁት። አባባን ሲያየው "ዓይኑ! አንተ ዓይኑ!" ብሎ አቀፈው። በፋብሪካው የሚጠሩት እንዲህ ነው ለካ። ሻይ ላቀርብ ስገባ "ካንተ ዓይን እኮ ዝንብ አታመልጥም ነበር" ሲለው ሰማሁ። አባባ ሳል ያዘው። እኔ ደግሞ ኩራት ኩራት አለኝና "አባባ እኮ አሁንም እየጠመቀ ነው!" አልኩ። ሹፌሩ "ማን? እሱ?" አለ። አባባ ክንዱን ይዞ "ና፣ ውጭ አየር እንውሰድ" ብሎ አወጣው። ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

በሙያው ዓይናማ ነበር ማለት ነው። ጠማቂ ዓይን ያስፈልገዋል።

ቅዳሜ 6

ጠርሙስ የመሙያ ቀን! አርባ ጠርሙስ።

አባባን ዛሬ ብታዩት! ጠርሙሶቹን አጥቦ፣ በያንዳንዱ እጁ ሁለት ሁለት በአንገታቸው ይዞ፣ አምፖሉ ፊት አንዴ ያዞራቸዋል፣ በቃ። "ይሄ ፀጉር መሰለ ስንጥቅ አለበት።" እኔ ስንጥቁን በሥራ መነጽሬ እንኳን አላየሁትም። በጥፍሩ ቋ አድርጎ ድምፁን ሰምቶ "ይሄ ደካማ ነው" ብሎ ያስቀራል። ስድሳ ጠርሙስ አየ፣ ሃያውን ጣለ፤ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። እጁ ሲሮጥ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይሄ ሰው ነው የረሳ የሚባለው?

ግን ስለ ስኳሩ አላነሳም። ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ እንዲፈጥር ትንሽ ስኳር ያስፈልጋል፤ ያለሱ ቢራው ሙት ነው። ጠበቅሁት፣ ጠበቅሁት፣ ምንም። ስለዚህ ጠዋት ሊላጭ ሲገባ ስኳሩን በውሃ አፍልቼ ባልዲው ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ ልክ በሚዛን። እሱ አላየም። ጠርሙሶቹ ተደርድረው ልንሞላ ስንል ሲስተር በር አንኳኩ፤ ማጥለያ ሊዋሱ ነው ብለው ግማሽ ሰዓት አስቆሙኝ። ስመለስ አባባ ጠርሙሶቹ ፊት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። ሞላን፣ ቆርኪ ገጠምን፣ መተላለፊያው ላይ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ደረደርን።

አባባ ሲተኛ እየሳቀ ነበር። እኔም እየሳቅሁ ነው። ሁለታችንም ምን እንዳሳቀን አልተነጋገርንም።

ሰኞ 8

የስኳሩ ማሰሮ ባዶ ነው። ቅዳሜ ግማሽ ነበር። ሲስተር ማጥለያውን ሲወስዱ ዘግነው ይሆናል። ሰው ጡረታ ሲወጣ ጣፋጭ ይወዳል።

ሐሙስ 18

ከነገ ወዲያ ነው። ወንድም ጋሼ ዛሬ ደውሎ "ትልቁን ሻንጣ ባዶውን ይዤ እመጣለሁ፣ ምናልባት" አለ። ምናልባት የሚለውን በጣም ቀስ ብሎ ነው ያለው። አባባ አጠገቤ ሆኖ ሰማ። "ሻንጣው ጎማ አለው?" ብሎ ጠየቀኝ። ከሰዓት ካልሲዎቹን ሲያጣጥፍ አየሁት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኔ እንቁላል ግን የትም አልሄደም፤ በየሌሊቱ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ያ የተቃጠለው ድስት ውስጥ ምን እንደነበረ የጠየቀ ሰው የለም። ሦስት እንቁላል ነበር። አባባ እንቁላል አይወድም። ዛሬ የምጽፈው ይሄን ብቻ ነው።

ቅዳሜ 20

ከየት ልጀምር! ፀጉሬ ጥድ ጥድ ይሸታል።

ወንድም ጋሼ በስድስት ሰዓት ደረሰ። ሻንጣው እውነትም ባዶ ነው፤ ደረጃው ላይ ሲጎትተው ያስተጋባል። አባባን አቅፎ ብዙ ቆየ። ሲስተር ሳይጠሩ መጡ። ጠረጴዛ ከበብን። ወንድም ጋሼ ትንሽ ማስታወሻውን አውጥቶ ሳህኑ ጎን አስቀመጠ። እኔ "እንግዲህ ቢራው..." ብዬ ስነሳ ከመተላለፊያው፦

ጧ!

ከዚያ የብርጭቆ ስባሪ የሚንሿሿ ድምፅ። ከዚያ ሁለተኛው ጧ! ሲስተር "ተኩስ ነው!" ብለው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። ከቁም ሳጥኑ ሥር አረፋ እየተግተለተለ ወደ ምንጣፉ መጣ።

አባባ ተነሳ። እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲቆም አይቼው አላውቅም። "ማንም ወደዚያ እንዳይጠጋ። ሚጣ፣ የሥራ መነጽርሽንና ወፍራሙን ጓንት። ብርድ ልብሱን በውሃ ንከሪልኝ። አንተ፣ ከሲስተር ቤት በረዶ፣ ያለውን ሁሉ። ሩጥ!" ወንድም ጋሼ፣ ያ ሰው ሁሉ የሚታዘዘው ተቆጣጣሪ፣ ሮጠ።

አባባ መነጽሬን አድርጎ፣ እርጥቡን ብርድ ልብስ በቁም ሳጥኑ ላይ ጥሎ፣ ከሥሩ እጁን አስገብቶ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። የቱ እንደሚፈነዳ ያውቃል! "ይሄ ይቆይ፣ ይሄ ይቅደም።" በረዶ ውሃ ውስጥ ይነክራል፣ ቆርኪውን ፀጉር ታህል ከፈት ያደርጋል፣ ፉፉፉ፣ መልሶ ይገጥማል። ሦስት ጠርሙስ አሁንም ፈነዳ፤ ሦስቱንም ቀድሞ "ወደ ኋላ!" ብሎናል። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከአርባው ሠላሳ አምስቱ ተረፈ። ወንድም ጋሼ በረዶ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ሁሉም ጸጥ ሲል ወንድም ጋሼ "ስኳር በዝቶ ነው አይደል? ማነው የጨመረው?" አለ።

"እኔ" አልኩ።

"እኔ" አለ አባባ።

ተያየን። "አንተ መቼ?" "አንቺስ መቼ?" እሱ ሲስተር በር ላይ ሲያስቆሙኝ በየጠርሙሱ አንድ አንድ ማንኪያ ጨምሯል፤ ሰሞኑን ብዙ ስለምረሳ ስኳሩንም ረስታዋለች ብሎ! እኔ ደግሞ እሱ ረስቶታል ብዬ! ሳቅ ያዘኝ፤ አፌን በእርጥቡ ጓንት ያዝኩት።

ወንድም ጋሼ ግን አልሳቀም። ማስታወሻውን አነሳ። "አባባ" አለ፣ በጣም ለስለስ ብሎ፣ መለስለሱ ነው የባሰው፤ "ሠላሳ አንድ ዓመት የጠመቀ ሰው ማንኪያ ሙሉ ስኳር በጠርሙስ አይጨምርም። ሚጣም በጥያቄ ስትመራህ እንደነበር ሲስተር ሰምተዋል። ረስተሃል። ጥፋትህ አይደለም።"

አባባ መነጽሬን አወለቀ። ዓይኑ ዙሪያ ክብ ክብ ምልክት ትቶበታል።

"አልረሳሁም" አለ። "የማያውቁት ነገር አይረሳም።"

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ጠማቂ ሆኜ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት መብራት ፊት ተቀምጬ የሚያልፍ ባዶ ጠርሙስ ሳይ ነው የኖርኩት። የተሰነጠቀውን፣ ዝንብ የገባበትን ማውጣት። መጥመቂያው ክፍል አንድ ቀን አልገባሁም፤ ለኛ አይፈቀድም ነበር። ያንን የጥድ ቢራ በዓመት አንዳንድ ብርጭቆ ይሰጡን ነበር እንጂ።" ወደ ወንድም ጋሼ ዞረ። "አንደኛ ክፍል የገባህ ቀን መምህርህ የአባትህ ሥራ ምንድነው ስትልህ 'ቢራ የሚሠራው አባባ ነው' ብለህ መጣህ። እንዴት ኮርተህ ነበር! ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው እያደር ከበደ። ጃጅቷል ተብዬ ልሂድ፣ ውሸታም ተብዬ ከምቀር ብዬ ነበር። አልቻልኩም። ቤቴን እወዳለሁ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ዓይኑ! ዝንብ! "ለካ!" ስንት ነገር በአፍንጫዬ ሥር አለፈ! ያ ሁሉ ለቅሶዬ! አባቴ ጤነኛ ነው፣ ውሸታም ብቻ ነው! ዘልዬ አቀፍኩት።

ወንድም ጋሼ ማስታወሻውን እያየ፣ "ምድጃውስ?" አለ። አባባ "እሱ እንኳን እኔ..." ሲል፣ አላስጨረስኩትም።

"እንቁላሉ የኔ ነው!" ጮህኩ መሰለኝ። "ጥጄው ወደ ሥራ የሮጥኩት እኔ ነኝ! አባባ እንቁላል አይወድም! አውቃለሁ፣ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ፣ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት!"

"ለምን በራስህ ላይ አደረግኸው?" አለው ወንድም ጋሼ።

"ደክሟት ነበር" አለ አባባ። "እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ረሳ ቢሉኝ ምን ይቀርብኛል? ይሄን ያህል ሩቅ የሚሄድ መች መሰለኝ።"

ከጠረጴዛው ሥር የሲስተር ድምፅ መጣ፤ ወጥተው አልነበረም ለካ። "እኔም በስልክ ትንሽ ጨምሬበታለሁ። ጭሱ ያን ያህል አልነበረም።"

ይሄኔ ወንድም ጋሼ ተሸነፈ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ባዶው ሻንጣ ላይ ቁጭ ብሎ እየሳቀ እንባውን ጠረገ። ሁሉም እንባ የሳቅ አልነበረም። ገጹን ቀደደና ለአባባ ሰጠው። "ቢራው የታል?" አለ።

አባባ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና ቀዳ። ግማሹ አረፋ ነው። ከአረፋው ሥር ያለው ግን... ሎሚ፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ከዚያ ያ የጥላው ጎን ጫካ። ወንድም ጋሼ ጠጣ። ደግሞ ጠጣ። አባባ ከንፈሩን ነው የሚያየው።

"ቢራ ነው" አለ ወንድም ጋሼ።

እሑድ 21

ወንድም ጋሼ ጠዋት ሄደ። ለአባባ ልብስ የመጣው ሻንጣ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ይዞ ተመለሰ፤ እያንዳንዱ በአባባ ካልሲ ተጠቅልሎ። ደህና ናቸው፣ አይፈነዱም ብሏል ዓይኑ፤ እሱ ካለ እሺ ነው።

አውቶቡሱ ጋ አባባ "ለልጆችህ ምን ትላቸዋለህ?" አለው፣ መሬት መሬት እያየ። ወንድም ጋሼ እነሱንም አያታችሁ ጠማቂ ነው እያለ ነው ያሳደጋቸው።

"ያንኑ ነዋ" አለ ወንድም ጋሼ። "አሁን እኮ እውነት ሆነ።"

አባባ አውቶቡሱ ከዓይን ከጠፋ በኋላም እጁን እንዳነሳ ቆየ። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያፏጭ ነበር።

አሁን መሽቷል። ምድጃውን አይቻለሁ፣ ጠፍቷል። ውሃ ልጠጣ ስመለስ አባባ በፒጃማው ምድጃው ፊት ቆሞ ያየዋል።

"ሁለት ጊዜ ማየት አይጎዳም" አለኝ።

"ስኳር ካልሆነ" አልኩት።